ሱረቱ መርየም በነፍሰ ጡር ጆሮ

ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ የምትኖር የሀገራችን ሙስሊም ሴት ማርገዟ ሲታወቅ ከታላላቆቿ ከምታገኛቸው ምክሮች አንዱ «ሱረቱ መርየምን አድምጪ፤ ልብሽን ያረጋጋልሻል» የሚል ነው። ድሮ በካሴት ይደመጥ የነበረው ቲላዋ ዛሬ በሞባይል ስልክ አብሯት ይውላል። ምክሩ መልካም ነው። ከመለመዱ የተነሣ ግን እንደ ሐኪም ማዘዣ እየተቆጠረ፣ የሚደመጠው ምን ዓይነት ቃልና ድምፅ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጠፍቷል። እኔ የሃይማኖት መምህር አይደለሁም፤ የምናገረው እንደ አድማጭ ነው።

ሱራው በቁርኣን ቅደም ተከተል 19ኛው ሲሆን 98 አንቀጾች አሉት። አብዛኞቹ አንቀጾች የሚዘጉት «ያ» በሚል፣ በሚሳብ ድምፅ ነው። ዐረብኛ የማታውቅ ሴት እንኳ ይህ ድምፅ እየተመላለሰ ሲያርፍ ትንፋሿን ከእርሱ ጋር ማስማማት አይከብዳትም። ከ34ኛው እስከ 40ኛው አንቀጽ ግን ቤት መምቻው ይለወጣል፤ ወደ መጨረሻውም «ዳ» የሚል ጠንካራ ድምፅ ይነግሣል፤ ቃሉም የተግሣጽ ቃል ነው። እሹሩሩ አይደለም ማለት ነው። «ለነፍሰ ጡሮች» ተብለው የሚሠራጩ አንዳንድ ቅጂዎች ይህን ክፍል ቆርጠው መጀመሪያውን ብቻ ያመላልሱታል፤ በሥሩም የፏፏቴ ድምፅ ይጨምሩበታል። ለእኔ ይህ ማለስለስ ሳይሆን ማጉደል ነው።

ማጽናናቱ ያለው ሌላ ቦታ ነውና። መርየም ምጥ ይዟት ወደ ተምር ዛፍ ግንድ ስትጠጋ ከአፏ የሚወጣው የምስጋና ቃል አይደለም፤ ይህ ሳይደርስባት ሞታ ብትሆን ትመኛለች። ሱራው አይገሥጻትም። ከበታቿ የሚጠራት ድምፅ እንዳታዝን ይነግራትና ወዲያው ወደሚጨበጥ ነገር ይሻገራል፤ የሚፈስ ውኃ፣ ከዛፉ የሚረግፍ የበሰለ ተምር፣ በዚያም ቀን ለማንም ሰው መልስ ካለመስጠት የሚገኝ ዕረፍት። «የምትፈሪው ኢማንሽ ስለ ደከመ ነው» እያሉ ነፍሰ ጡርን የሚያስጨንቁ ሰዎች ሱራውን ያስደምጧታል እንጂ ራሳቸው ያደመጡት አይመስለኝም።

ለሀበሻ ጆሮ ሱራው እንግዳ አይደለም። የኢብን ሂሻም ሲራ እንደሚተርከው፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱት ሙስሊሞች በነጃሺ ፊት በቆሙ ጊዜ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ የቀራው የዚህን ሱራ መጀመሪያ ነበር፤ ንጉሡም ጢሙ እስኪርስ አለቀሰ። ያን ጊዜ ስደተኛው የሚቀራው፣ አስጠጊው ደግሞ የሚያደምጠው ነበር። ዛሬ ናይሮቢ ላይ የስደቱ ተራ የእኛ ሆኖ እናደምጠዋለን።

የቃሪኡ ምርጫም ቀላል ነገር አይደለም። ግብፃዊው ዐብዱልባሲጥ ዐብዱሰመድ (1927–1988 እ.ኤ.አ.) በሙጀወድ ስልት ሲቀራ አንዱን አንቀጽ በረጅም ትንፋሽ ሽቅብ ያወጣዋል፤ ዝም ሲል አድማጩም ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ድንቅ ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ ላጣች ሴት ግን ይበዛባታል። እኔ የማስበልጠው የአገሩን ልጅ መሕሙድ ኸሊል አልሑሰሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የሙረተል ቅጂው አይቸኩልም፣ አያጌጥም፤ እያንዳንዱን ፊደል መብቱን ሰጥቶ ያልፋል። የመርየም ምሬት ላይ ሲደርስ እንኳ ድምፁን አያስለቅስም። ሐዘኑን ለአድማጩ ይተውለታል።

በኢራንና በኢንዶኔዥያ የተደረጉ ጥናቶች ቲላዋ ማድመጥ የነፍሰ ጡሮችን ጭንቀት እንደሚቀንስ ጽፈዋል። ይሁንና የብዙዎቹ ተሳታፊዎች ጥቂት ናቸው፤ አድማጯም የምትሰማውን ስለምታውቅ የድምፁን ኃይል ከእምነቷ ኃይል መለየት ያስቸግራል። የዓለም ጤና ድርጅት በታዳጊ አገሮች 15.6 በመቶ ያህሉ ነፍሰ ጡሮች የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ድባቴ፣ እንደሚያጋጥማቸው ያመለክታል። ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ የራቃት ወይም ሞትን የምታስብ ሴት ከቲላዋው ጋር ሐኪም ያስፈልጋታል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በወሎ ዱበርቲ የሚባሉ እናቶች ለነፍሰ ጡሯ ተሰብስበው፣ ዕጣን ተጫጭሶ ቡና ተፈልቶ፣ በሰላም እንድትገላገል በመንዙማና በዱዓ ይለምኑላታል። መንዙማ ቲላዋ አይደለም፤ ልማዱን የማይወዱ ዑለማዎችም አሉ። ቢሆንም የሚለምንላት ድምፅ ያለው እዚያው፣ ከእርሷ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። ኢስሊ ላይ ድምፁ በጆሮ ማዳመጫ ይገባል፤ ጎረቤት እንኳ አይሰማውም። የፑምዋኒ የወሊድ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ እናቷ ግን ደሴ ናት።

አንዲት ነፍሰ ጡር ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውጥታ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ስታኖር፣ ጎረቤቷም አጠገቧ ተቀምጣ በዝምታ ስታደምጥ አይቻለሁ። ቡናው የተቀዳው ሱራው ካለቀ በኋላ ነው። የዚያን ዕለቱ አልሑሰሪ ብቻዬን ሆኜ ከማውቀው የተለየ ነበር።