እጁን እዩ

«ቁርጥ እሱን!» ብሎ ገንዘብ የሚቆጥር የስዕል ገዢ ሳይ ደሜ ይፈላል። ፊት ማስመሰልማ የጀማሪ ሥራ ነው። የበሽተኛና የአስታማሚ ስዕል ሲቀርብላችሁ ፊቱን ተዉትና የአስታማሚውን እጅ እዩ። ሸክም አለበት?

እዚህ ጌጫ በሽተኛ በቃሬዛ ያወረደ ሁሉ ያውቀዋል፤ የደከመ ሰው ይከብዳል። ቀና ሊያደርጉት ሲይዙት የደጋፊው ጣት ልብሱን ያጨማድዳል፣ የበሽተኛው ትከሻ ወደ ላይ ይገፋል። ለማጅ ሠዓሊ ግን እጁን እንደ ቴምብር ይለጥፈዋል። ጣቱ ቀጥ ያለ፣ ልብሱ የተተኮሰ! ይህ ፎቶ መነሣት እንጂ ማስታመም አይደለም።

መለኪያዬ ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ጎያ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1819 መጨረሻ፣ በ73 ዓመቱ፣ ክፉኛ ታሞ ሐኪሙ አሪዬታ አተረፈው። በ1820 ራሱን ከሐኪሙ ጋር ሣለና ምስጋናውን ከሥር ጻፈበት። ስዕሉ ዛሬ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ሙዚየም ውስጥ ነው። ከኋላ ጨለማው ውስጥ ፊቶች አሉ፤ አዋቂ ነኝ ባይ ሁሉ የሚያወራው ስለ እነሱ ነው። እኔን የሚይዘኝ የሐኪሙ ክንድ ነው። አሪዬታ ከኋላ አቅፎ ብርጭቆውን ያስጠጋለታል፤ ጎያ አንገቱ ዝሎ አንሶላውን ጨብጧል። የሐኪሙን ክንድ በሐሳባችሁ አንሡት፤ በሽተኛው ይወድቃል። የማይወድቅ ከሆነ ስዕሉ ውሸት ነው። ደግሞም ጎያ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ጆሮው አይሰማም ነበር። «አይዞህ» ቢሉት አይደርሰውም፤ የሚደርሰው እጅ ነው።

የምስጋና ስዕል ሁሉ ግን እንዲህ አይለካም። ጣና ላይ፣ ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተስለዋል። እዚያ ምስጋናው መውደቅ ስለሆነ ደጋፊ እጅ አይፈለግም፤ ያንን በዚህ መለኪያ አልመዝነውም።

ስዕል ያስተማሩኝ የኔታ፣ ተማሪ የሣለውን እጅ ሲያመጣላቸው ወረቀቱን አያዩትም ነበር። «ና ደግፈኝ» ይሉና መላ ክብደታቸውን ይጥሉበታል። ልጁ ሲንገዳገድ፣ ጋቢያቸውን ጨምድዶ ሲይዝ፣ «ይኼን ሣል» ይሉታል። አንዱን ተማሪ ይዘውት ወድቀዋል። እየሳቁ ተነሡ፤ የልጁን ስዕል ግን አላለፉለትም። ዛሬ ከስልክ ፎቶ እየገለበጠ «ሠዓሊ ነኝ» ለሚል ማን ይውደቅበት?

ልብስ ያላጨማደደ እጅ ያለበትን የአስታማሚ ስዕል አትግዙ፤ ፊቱ እናታችሁን ቢመስልም።