አምስት ዓረፍተ ነገር

ወሬ እግር አለው፤ በሄደ ቁጥርም ይወፍራል። ከላይ ሰፈር ጥጃ ሆኖ የተነሣው ታች ሰፈር ሲደርስ በሬ ነው። ይህን አመል ለቡና ወሬ ብቻ ከሰጠን ግን ሐኪሞቹን ማማት ይቀረናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ ናቸው) ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን በተባለው ስመ ጥር መጽሔት ላይ አንዲት ደብዳቤ ወጣች። ጸሐፊዎቹ ጄን ፖርተርና ኸርሼል ጂክ የተባሉ የቦስተን ሰዎች ናቸው። ርዝመቷ አምስት ዓረፍተ ነገር። ሆስፒታል ተኝተው እንደ ሞርፊን ያለ ብርቱ ማስታገሻ ቢያንስ አንዴ ከወሰዱ 11,882 ሕሙማን መካከል፣ ቀድሞ ሱስ ሳይኖርባቸው ሱስ እንደያዛቸው በደህና የተመዘገበው 4 ብቻ ናቸው ትላለች።

እኔ ከደብዳቤዋ ጋር ጠብ የለኝም። ያየችውን ተናገረች፣ አበቃ። ክኒኑን ቤቱ ይዞ ገብቶ ለዓመታት ስለሚውጥ የወገብ ሕመምተኛ ግን ትንፍሽ አላለችም።

ጠቤ ከአንባቢዎቿ ጋር ነው። የካናዳ ተመራማሪዎች ቁጭ ብለው ቢቆጥሩ፣ ደብዳቤዋን የጠቀሱ 608 ጽሑፎች አገኙ። 491ዱ ሕሙማኑ ሆስፒታል የተኙ እንደነበሩ አላነሡም! መጽሔቱ ራሱ ማሳሰቢያ የለጠፈባት በ2017 ነው፤ ከ37 ዓመት በኋላ። እስከዚያው "ሱስ አያስይዝም" የምትለው ቃል ብቻዋን ስትዞር ኖረች። እንዲህ ያለ ቃል ወድቆ ያገኘ ነጋዴ ደግሞ አይቶ አያልፍም። ኦክሲኮንቲን የተባለው ክኒን በ1996 ገበያ ወጣ። የፐርዱ ፋርማ እህት ኩባንያም "ሱስ የማስያዝ አደጋው ያነሰ ነው" እየተባለ መሸጡን በ2007 ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ። ወደ 600 ሚሊዮን ዶላርም ሊከፍል ተስማማ።

እሺ፣ ሱሱን እንተወው። ሕመሙንስ አሻለው? በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የወገብ፣ የዳሌና የጉልበት ሕመም የጸናባቸውን 240 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ 12 ወር ተከታተለ። ኦፒዮይድ የወሰዱት ሌላ ማስታገሻ ከወሰዱት የተሻለ አልተንቀሳቀሱም፤ ሕመማቸው እንዲያውም በጥቂቱ በልጦ ተገኘ። ሰውነት ይለምዳላ! ትናንት አንድ የበቃው ዛሬ ሁለት ይላል። አንዳንዱ ጭራሽ ሕመም ይበልጥ የሚሰማው ይሆናል። ሆድ ይደርቃል። መጠኑ ሲበዛ፣ ወይም ከመጠጥና ከእንቅልፍ ክኒን ጋር ሲገናኝ፣ ትንፋሽ ሊቆም ይችላል።

"እንግዲያው ከነገ ጀምሬ ተውኩት!" የሚል ካለ ቀስ ይበል። ለዓመታት የለመደ ሰውነት ድንገት ሲነጠቅ ክፉኛ ይታወካል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ2019 ይህንኑ አስጠንቅቋል። የሚቀነሰው ከሐኪም ጋር ተመካክሮ፣ በዝግታ ነው። "የካንሰር ሕመምተኛም ሞርፊን ይከልከል" የሚል ደግሞ ከእኔ ወገን አይደለም። ሕመሙ እውነት ነው፤ ሕመምተኛውም አልዋሸም።

ይህ የአሜሪካኖች ጣጣ ነው ብለን ደግሞ እንዳንገላገል። ከዘመድ ሻንጣ የወጣ ክኒን "ለእኔ ወገብ ፍቱን ነው፣ እስቲ ሞክሪው" እየተባባልን የምንካፈል ሰዎች ነን። የእኛ ማስረጃ ስንት ዓረፍተ ነገር ይሆናል? አምስት እንኳ አይሞላም።