አፈርሳታና የሕክምና ማስረጃ፦ የብዙዎች ቃል ምን ያህል ይመዝናል?

ዘመናዊ ፖሊስ ባልተስፋፋበት ዘመን፣ በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል ወንጀለኛ ሳይታወቅ ሲቀር ይፈለግ የነበረው በአፈርሳታ ነበር፤ አውጫጭኝም ይባላል። ነዋሪው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ የተጠርጣሪው ስም እስኪነገር ድረስ ጉባኤው አይበተንም። ጥፋተኛው ካልተገኘም ነዋሪው የጠፋውን ንብረት በጋራ እስከ መክፈል ይደርስ ነበር። ይህ ሥርዓት፣ መድኃኒት የጠጣ ልጅ የገባበትን ቤት ባለቤት ሌባ ከሚያደርገው ከሌባ ሻይ እጅግ የተሻለ ነው፤ መሠረቱ ሰው ያየውና የሰማው ነውና። ይሁን እንጂ እንደ ማንኛውም የምርመራ ዘዴ ሊመዘን ይገባዋል።

የአፈርሳታ ብርታት በሒሳብም የሚደገፍ ነው። ፈረንሳዊው ኮንዶርሴ እ.ኤ.አ. በ1785 እንዳሳየው፣ እያንዳንዱ ፈራጅ ከመሳሳት ይልቅ እውነቱን የማግኘት ዕድሉ የሚበልጥ ከሆነና ከሌላው ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ ከፈረደ፣ የብዙኃኑ ፍርድ ከአንዱ ፍርድ ይበልጥ ይታመናል። እያንዳንዳቸው ከ100 ጊዜ 60 የሚያገኙ 11 ሰዎች በድምፅ ብልጫ ሲወስኑ ከ100 ጊዜ 75 ያህል ያገኛሉ።

በአፈርሳታ ሜዳ ግን ሁለቱም ቅድመ ሁኔታዎች ይፈርሳሉ። የተከበረ ሽማግሌ ቀድሞ ስም ከጠራና ሌሎቹ ከተከተሉት፣ የ11ዱ ቃል የአንድ ሰው ቃል ሆኖ ይቀራል። ሥራ ፈትቶ የዋለና ዕዳ የሚጠብቀው ሕዝብም ማንም ይሁን ማን አንድ ስም እንዲገኝ ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ በቀላሉ የሚጠራው ዘመድ የሌለው፣ መጤው ወይም ቀድሞ የተጠላው ነው።

ሦስተኛው ጉድለት ለጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። 300 አዋቂዎች ባሉበት ቀበሌ አንድ ሌባ አለ እንበል። የሕዝቡ ጥርጣሬ ጥፋተኛውን ከ100 ጊዜ 90 የሚለይ፣ ንጹሑን ደግሞ ከ100 ጊዜ 5 ብቻ በስሕተት የሚወነጅል ቢሆን እንኳ፣ 15 ያህል ንጹሐን በጥርጣሬው ውስጥ ይገባሉ። ስለሆነም አንድ የተጠረጠረ ሰው በእርግጥ ሌባ የመሆኑ ዕድል ከ100 6 ገደማ ነው። በሽታው እምብዛም በማይገኝበት ሕዝብ መካከል የሚደረግ ምርመራ የሚያስከትለው ስሕተት ይኸው ነው።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ እንደ ሌሎቹ ከትልልቅ ከተሞች የራቁ ቦታዎች ሁሉ፣ በድብደባ ወይም በአስገድዶ መድፈር ክስ የሕክምና ማስረጃ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ የፎረንሲክ ስፔሻሊስት ሳይሆን ጠቅላላ ሐኪም ነው። ተመርማሪው ከመድረሱ በፊት ግን ወሬው ይደርሳል፤ የፖሊሱ ደብዳቤም የተጠርጣሪውን ስም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሐኪሙ የሰማውን ካየው ጋር ቀላቅሎ ከጻፈ፣ ፍርድ ቤቱ አንዱን ወሬ ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል፤ አንድ ጊዜ ከምስክር አፍ፣ አንድ ጊዜ ከማኅተም በታች።

ሊቃውንትም ከዚህ አላመለጡም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1999 ሳሊ ክላርክ ሁለት ሕፃናት ልጆቿን ገድላለች ተብላ ስትከሰስ፣ ታዋቂው የሕፃናት ሐኪም ሮይ ሜዶው ሁለት ድንገተኛ ሞት በአንድ ቤት የመድረሱ ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው ሲሉ መሰከሩ። ቁጥሩ የተገኘው 8,543ን በራሱ በማባዛት ነበር። ወንድማማች ሕፃናት ግን ዘርም ቤትም ይጋራሉ፤ የአንዱ ሞት ከሌላው ነጻ ነው ሊባል አይችልም። ከዚህም በላይ፣ አንድ ነገር እምብዛም አለመድረሱ ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም፤ እናት ሁለት ልጆቿን መግደሏም እምብዛም የማይደርስ ነገር ነውና። ፍርዱ እ.ኤ.አ. በ2003 ተሻረ።

እንግዲህ ከሐኪሙ የሚጠበቀው ምንድን ነው? ያየውን፣ የለካውንና የተነገረውን ለያይቶ መጻፍ፤ ጉዳቱ በሌላ ምን ምክንያት ሊደርስ እንደሚችል ማመልከት፤ የተጠርጣሪውን ስም ከግኝቱ ውስጥ አለማስገባት። ጉዳት አለመታየቱ መደፈር አልነበረም እንደማያሰኝ በግልጽ መጻፍም ይገባል። የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 አስታውቋል። ሁለት ሐኪሞች ሲመክሩም እያንዳንዳቸው አስቀድመው አስተያየታቸውን ለየብቻ ይጻፉ፤ አለዚያ ምክክሩ ትንሽ አፈርሳታ ይሆናል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው ይላል። ፍርዱ የዳኛው ነው፤ ዳኛው የሚመዝነውን ማስረጃ ከሜዳው ጩኸት ለይቶ ማቅረብ ግን የሐኪሙ ኃላፊነት ነው።