የ«ሴ» ቀለበት

ሚያዝያ 27 ቀን ደባርቅ ላይ የአርበኛ ልጆች የአባታቸውን ሜዳይ ደረታቸው ላይ ሰክተው ሲወጡ፣ ብልጭታውን ትቼ ጠርዙን አያለሁ። ደህና ሜዳይ በብረት ማኅተም ተመትቶ የወጣ ነው፤ ጠርዙ ጥርት ያለ፣ ፊደሉም ከሥሩ ቀጥ ብሎ የተነሣ ነው። አስመስለው የሚሠሩት ግን ከዋናው ላይ ቅርጽ ወስደው ብረት ያፈሱበታል። ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራልና ቅጂው ከዋናው ጥቂት ያንሳል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይም የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቀዳዳዎች አሉበት።

የእኛ ፊደል ለዚህ ምርመራ የተፈጠረ ይመስላል። «ሥላሴ» የሚል ቃል ካለበት የ«ሴ»ን ቀለበት ተመልከቱ። በተመታው ላይ መሐሉ ክፍት ነው፤ በፈሰሰው ላይ ተደፍኖ ድፍን ነጥብ ይሆናል። ከኋላ ደግሞ የአዲስ አበባው አርመናዊ ጌጥ ሠሪ የሴቫጂያን ምልክት ያለባቸው አሉ፤ ያንንም በዚያው ዓይን መርምሩት።

በማፍሰስ የተሠራ ሁሉ ግን ርካሽ አይደለም። የእንግሊዞቹ የቪክቶሪያ መስቀል ራሱ ፈስሶ የሚሠራ ነው፤ ክብሩን የሚያገኘው ከዚያ በኋላ በእጅ ሲጠረብ ነው።

የአርበኝነት ሜዳይ ሌላም ምስክር አለው፦ ጥብጣቡ ላይ የሚሰካው ዘንባባ። እያንዳንዱ ዘንባባ የአንድ ዓመት ተጋድሎ ነው። ከሊማሊሞ ገደል አናት ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው መስከረም 1934 ዓ.ም. ነበርና፣ በዚህ አገር «ባለ አምስት ዘንባባ» ሲባል ቀልድ አይደለም። ለማጋነን በኋላ የተጨመረ ዘንባባ በቀላሉ ይያዛል፤ አንሥታችሁ ሥሩን እዩ።

ዳባት ውስጥ አንዲት እናት የአባታቸውን ሜዳይ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡኝ። በየዓመቱ በአመድና በሎሚ ሲያሹት ኖረዋል። በፍቅር ነው ያደረጉት፤ ፊደሉ ግን ተልጓል፣ የ«ሴ» ቀለበትም የለም። «ከእንግዲህ በደረቅ ጨርቅ ብቻ፣ እማማ» አልኳቸው። ከዚያ ዘንባባዎቹን አንድ በአንድ ቀና አደረግኋቸው። ጥብጣቡ በፀሐይ ነጥቷል፤ በአምስቱም ሥር ግን የመጀመሪያው ቀለም በዘንባባ ቅርጽ ቁጭ ብሏል።