የአገልግሎት ጥያቄና የለውጥ ጥያቄ፤ በአይቲል አከፋፈል ላይ የቀረበ ሂስ

አይቲል የተባለው የኮምፒዩተር አገልግሎት አመራር መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በብሪታንያ መንግሥት የተጀመረ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሦስተኛው እትሙ የአገልግሎትን ጥያቄ ከብልሽት ለይቶ የራሱን ሥርዓት ሰጥቶታል። ይህ የሚመሰገን ነው። የረሳው የይለፍ ቃል እንዲታደስለት የሚሻ ሠራተኛ የአገልግሎት ጥያቄ ያቀርባል፤ መንገዱ የታወቀ፥ ፈቃዱም አስቀድሞ የተሰጠ ነውና። የመረጃ ቋትን ወደ አዲስ ማሽን ለማዛወር የሚሻ ግን የለውጥ ጥያቄ ያቀርባል፤ አደጋው ይመዘናል፥ መመለሻው ይዘጋጃል፥ ፈቃድም ይጠበቃል።

ነቀፌታዬ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ አደጋው አነስተኛ የሆነውን «መደበኛ ለውጥ» በአገልግሎት ጥያቄ በር እንዲገባ ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ፍርዱ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ሳይታደስ ከቀረ፥ ሁለቱን የሚለያቸው ልማድ ብቻ ይሆናል፤ ልማድ ደግሞ ዋስ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው ኩባንያ እንደ ዘወትር ሥራው የላከው አንድ የመከላከያ ፋይል፥ ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው፥ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን አሰናክሏል። አስቀድሞ ለጥቂቶች፥ ቀጥሎ ለብዙዎች በማለት ደረጃ በደረጃ አልተላከም ነበር። እርግጥ ይህ የተጠቃሚ ጥያቄ አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን ያው ነው።

እንግዲህ መለያችን «ከዚህ ቀደም ሠርተነዋልን?» የሚለው ብቻ አይሁን። «ቢበላሽ ስንቱን ይነካል? እንዴትስ ይመለሳል?» የሚለውም ይጨመርበት። ቅጹ ቢያጥር ሥራ ይፋጠናል፤ ምርመራው ሲያጥር ግን፥ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ምክር መዘንጋት ይሆናል።