የዝናብ ውሃ የሚበከለው ከደመናው ነው ወይስ ከጣራው?

የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲው ኢየን ከዝንስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2022 ያሳተሙት ጥናት፣ የዝናብ ውሃ በየትኛውም የዓለም ክፍል ለመጠጥ አይሆንም በሚል መንፈስ በመገናኛ ብዙኃን ተሰራጭቷል። የጥናቱ ትኩረት ፒፋስ የተባሉት፣ በቀላሉ የማይበሰብሱ ሰው ሠራሽ ኬሚካሎች ናቸው። ከኢንዱስትሪ በራቁት በቲቤትና በአንታርክቲካ እንኳ መገኘታቸውን ማሳየቱ ትልቅ አስተዋጽኦው ነው።

ድክመቱ ግን በመለኪያው ላይ ይታያል። ለፍርዱ መሠረት የሆነው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በዚያው ዓመት ያወጣው ጊዜያዊ ምክር ሲሆን፣ ፒፎአ ለተባለው ኬሚካል በሊትር 0.004 ናኖግራም ብቻ ይፈቅድ ነበር። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ያጸደቀው አስገዳጅ ገደብ 4 ናኖግራም፣ ማለትም 1,000 እጥፍ ነው። ይህ የማጣራትና የመለካት አቅምን ያገናዘበ ገደብ እንጂ ኬሚካሉ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ሆኖም መለኪያው ሲለወጥ ፍርዱም እንደሚለወጥ ያስረዳል።

ከዚህ የሚብሰው፣ ዜናው ከጣራ እስከ ጣሳ ያለውን መንገድ መዝለሉ ነው። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዓመታዊው ዝናብ ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣራ፣ አምስተኛው ቢባክን እንኳ፣ በዓመት ወደ 48,000 ሊትር ይሰጣል። ይህን ውሃ ቶሎ ለሕመም ምክንያት የሚያደርገው የወፍ ኩስ፣ የረገፈ ቅጠል፣ ክዳን የሌለው በርሜልና ያልታጠበ እጅ ነው። የፒፋስ ጉዳት ዓመታት ሲወስድ፣ ተቅማጥ ሕፃንን በቀናት ውስጥ ይገድላል። በዜናው የደነገጠች እናት ያጠራቀመችውን ደፍታ፣ የቡና መፈልፈያ ጣቢያ ፍሳሽ ወደሚገባበት ወንዝ ብትወርድ፣ ከትንሹ አደጋ ሸሽታ ወደ ትልቁ ገባች ማለት ነው።

ስለዚህ የጤና ባለሙያው ምክር ግልጽ ሊሆን ይገባል። አሸንዳው ይጠረግ፤ ከእንዲህ ያለ ጣራ የሚወርደው የመጀመሪያው 40 ሊትር ያህል፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን፣ ይደፋ፤ ውሃው በቧንቧ እንጂ በጣሳ እየተጠለቀ አይቀዳ፤ ለመጠጥ የሚውለው ይፈላ ወይም በክሎሪን ይታከም። በርሜሉም በጥብቅ ይከደን፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለችና። ማፍላትም ሆነ ክሎሪን ፒፋስን እንደማያስወግድ መደበቅ አይገባም። የጥናቱ ማስጠንቀቂያ የሚመለከተው በቅድሚያ ኬሚካሉን የሚያመርቱትንና የሚቆጣጠሩትን እንጂ፣ በርሜሏን ከአሸንዳ ሥር ያኖረችውን እናት አይደለም።