የካሊፕሶ ዐጸድና የላኤርቴስ ዛፎች

በግሪኮች አፈ ታሪክ የኒምፎች ዐጸድ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው ሆሜር በኦዲሴይ 5ኛ መጽሐፍ የሣለው የካሊፕሶ ደሴት ነው። በዋሻዋ ዙሪያ መዓዛው ያማረ የጥድ ዘር ከሌሎች ዛፎች ጋራ ለምልሟል፤ ጉጉትና ጭልፊት፣ የባሕርም ወፎች በቅርንጫፎቹ ያድራሉ፤ በዋሻው አፍ ዘለላው የከበደ ወይን ተዘርግቷል፤ 4 ምንጮች ጎን ለጎን ፈልቀው ወደየአቅጣጫቸው ይፈስሳሉ። ካሊፕሶም በወርቅ መወርወሪያ እየሸመነች ትዘፍናለች። መልእክተኛው አምላክ ሄርሜስ እንኳ ከመግባቱ በፊት ቆሞ ያደንቃል። ከዚህም የተነሣ ብዙ አንባብያን ስፍራውን እንደ ደስታ ገነት ተቀብለውታል።

ይሁን እንጂ ሄርሜስ ወደ ዋሻው ሲገባ ኦዲሴዩስን በዚያ አያገኘውም። እርሱ እንደ ዘወትሩ በባሕር ዳር ተቀምጦ ውሃውን እየተመለከተ ያለቅሳል። በደሴቲቱ 7 ዓመት ኖሯል፤ ኒምፏ እንዳያረጅና እንዳይሞት ልታደርገው ቃል ገብታለታለች፤ ሚስቱ ጴኔሎፔ በመልክ ከእርሷ እንደምታንስም አይክድም። እንግዲህ ልቅሶው የአገር ናፍቆት ነው ብሎ ማለፍ ስሕተት ባይሆንም ነገሩን አይጨርሰውም። (መለቀቁ የተወሰነው ጠላቱ ጶሴይዶን ወደ ኢትዮጵያውያን ለመሥዋዕት ሄዶ ሳለ ነው፤ የሆሜር «ኢትዮጵያውያን» ግን በምድር ዳርቻ የሚኖሩ ሕዝቦች ስለ ሆኑ በካርታ ላይ ለመወሰን አያመቹም።)

ኒምፍ የሚለው ቃል በግሪክኛ ሙሽራ ወይም ለጋብቻ የደረሰች ልጃገረድ ማለት ሲሆን፣ የምንጭ፣ የዛፍና የተራራ እመቤቶችም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «አድባር» ለማለት ይፈተናል፤ ከቦታ ጋራ የተያያዘ ረቂቅ ኃይል በመሆኑ ቅርበት አለው፤ የሙሽርነቱን ትርጉም ግን አይዝም። እዚህ ላይ የቀረውም ዋናው ነገር ነው፤ የካሊፕሶ ስም መሸፈንና መሰወር ከሚል ግሥ ጋራ የተዛመደ ነውና።

በደሴቲቱ ሥዕል ውስጥ የጎደለው ተካይ ነው። ዶማ የያዘ እጅ፣ የሚጠበቅ መከር አይታይም። የንጉሥ አልኪኖኦስም ዐጸድ፣ በ7ኛው መጽሐፍ፣ ፍሬው ክረምት ከበጋ ስለማይቋረጥ ከዚህ ጋራ ይደመራል፤ ነገር ግን ያ በአጥር የተከበበ፣ ባለቤቱ የታወቀ፣ ወይኑም እየተለቀመ የሚረገጥበት ስፍራ ነው።

መልሱ በ24ኛው መጽሐፍ ይገኛል። ሽማግሌው ላኤርቴስ የተጣፈ ልብስ ለብሶ፣ የፍየል ቆዳ ቆብ ደፍቶ የተክል ሥር ሲኮተኩት ልጁ ይደርስበታል። ኦዲሴዩስ ማንነቱን ለማስረዳት ጠባሳውን ካሳየ በኋላ ዛፎቹን ይቈጥራል፤ ሕፃን ሳለ በዐጸዱ ውስጥ አባቱን እየተከተለ ስማቸውን ይጠይቅ ነበር፤ አባቱም 13 የፒር፣ 10 የፖም፣ 40 የበለስ ዛፎች ሰጥቶት፣ 50 ረድፍ ወይንም እንደሚሰጠው ቃል ገብቶለት ነበር። በካሊፕሶ ዘንድ ለኦዲሴዩስ የተሰጠው ቃል አለመሞት ነበር፤ እዚህ የሚቈጥረው ግን ከሚያረጅ አባት ለሚያረጅ ልጅ የተላለፈ ተክል ነው።

የእስክንድርያ ሊቃውንት አሪስቶፋኔስና አሪስታርኮስ የግጥሙን ፍጻሜ ባልና ሚስቱ ወደ መኝታቸው በሚሄዱበት፣ በ23ኛው መጽሐፍ 296ኛ መሥመር ላይ አድርገውታል። ከእነርሱ ወዲህም የመጨረሻውን መጽሐፍ በኋላ የተጨመረ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ከቋንቋው የሚያመጡትም ማስረጃ ቀላል አይደለም። ሆኖም በዚያ ቢቈረጥ የካሊፕሶ ደሴት ያስነሣው ጥያቄ ያለ መልስ ይቀራል። ጨማሪ ቢኖር እንኳ 5ኛውን መጽሐፍ ከብዙ ተቺዎች በተሻለ ያነበበ ሰው ነበር።

ስለ ኒምፎች የሚጽፍ ሰው በግጥሙ ብቻ ቢወሰን ሌላ ነገር ያመልጠዋል። በአቲካ፣ በቫሪ አጠገብ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. የተቈፈረ የኒምፎች ዋሻ አለ። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አርኬዴሞስ የተባለ የቴራ ደሴት ሰው «ኒምፎች የያዙት» ብሎ ራሱን በመጥራት በድንጋይ ላይ አጽፏል። ይህ የተያዘ ሰው በባሕር ዳር ተቀምጦ አላለቀሰም። ዋሻውን በኒምፎቹ ትእዛዝ እንዳበጀ፣ ለእነርሱም ዐጸድ እንደ ተከለ ጽሑፉ ይናገራል፤ በዋሻው ግድግዳ ላይም የድንጋይ ጠራቢ መሣሪያውን እንደ ያዘ ተቀርጿል።